ሜትሩ ዜሮውን የት ነው የሚጀምረው? ልኬትን በትክክል ስለማንበብ

የኪችን ካቢኔት ያሠራ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ካቢኔቱ ከወርክሾፕ ይመጣል። ልጆቹ ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ያወጡታል። ቦታው ላይ ሊያስገቡት ሲሉ እምቢ ይላል። ስንት ቀረው? ሦስት ሚሊ። ባለቤቱ «እኔ በደንብ ነው የለካሁት» ይላል፤ አናጢው «እኔም በተሰጠኝ ልክ ነው የቆረጥኩት» ይላል። ክርክሩ የማያልቀው ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን ስለሆነ ነው።

አናጢው ራሱ መጥቶ ሲለካ ቢያንስ ለኪውም ቆራጩም አንድ ሰው ነው። አሁን ግን ቤት የተረከበ ብዙ ሰው ሜትር ገዝቶ፣ ራሱ ለክቶ፣ ቁጥሩን በቴሌግራም ይልካል። ይሄ በራሱ ክፋት የለውም። ሜትር ማንበብ ግን ቀላል መስሎ፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ብዙ የተደበቀ ነገር ያለበት ሥራ ነው። «አስሬ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» የሚለው ምክር ጥሩ ነው፤ መንጠቆው በተጣመመ ሜትር አስሬ ብትለኩ ግን አስሩንም ጊዜ እኩል ትሳሳታላችሁ፣ ያውም በሙሉ ልብ። ስለዚህ ከመደጋገም በፊት አንድ ጥያቄ ይቀድማል፦ ይሄ ሜትር ዜሮውን የት ነው የሚጀምረው?

ከዚህ በኋላ «ሜትር» ስል በእጅ የሚያዘውን፣ ተስቦ ወጥቶ ራሱ የሚጠቀለለውን መሳሪያ ነው። የሚሳበውን ቀጭን ብረት ላሜራ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን የታጠፈች ብረት መንጠቆ፣ ላሜራው የሚጠቀለልበትን ሳጥን ደግሞ ቀፎ እላቸዋለሁ። ሳንቲም ስል ሳንቲሜትር፣ ሚሊ ስል ሚሊሜትር ነው፤ ወርክሾፕ ውስጥም የሚጠሩት እንዲሁ ነው።

መንጠቆው ይላወሳል፤ ተበላሽቷል ማለት ነው?

አይደለም። እንዲላወስ ተብሎ ነው የተሠራው። ይህን የማያውቅ ሰው አዲስ ሜትር ገዝቶ መንጠቆው ወዲህ ወዲያ ሲልበት «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብሎ ይመልሳል። አንዳንዱ ደግሞ በመዶሻ ቀጥቅጦ ወይም ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጎ ያጠብቀዋል። ሜትሩ የሚበላሸው ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሜትር የምንለካው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መንጠቆውን እንጨቱ ጫፍ ላይ አንጠልጥሎ መሳብ ነው፤ የጣውላ ርዝመት እንዲህ ይለካል። ሁለተኛው መንጠቆውን ግድግዳ ላይ ገፍቶ ማስደገፍ ነው፤ የበር ቦታ ወይም የቁምሳጥን ውስጥ እንዲህ ይለካል። ስታንጠለጥሉት እንጨቱን የሚነካው የመንጠቆው የውስጥ ገጽ ነው፣ ስለዚህ ልኬቱ ከዚያ መጀመር አለበት። ስትገፉት ግን ግድግዳውን የሚነካው የውጭ ገጹ ነው። በሁለቱ ገጾች መሃል የመንጠቆው ውፍረት አለ፣ አንድ ሚሊ አካባቢ። መንጠቆው ባይላወስ ኖሮ ከሁለቱ አንዱ ልኬት ሁልጊዜ በዚያች አንድ ሚሊ ይሳሳት ነበር።

ስለዚህ መንጠቆው ላሜራው ላይ የታሰረበት የሪቬት ቀዳዳ ሆን ተብሎ ትንሽ ሞላላ ተደርጓል። ስትስቡት መንጠቆው በራሱ ውፍረት ልክ ወደ ውጭ ይወጣል። ስትገፉት በዚያው ልክ ወደ ውስጥ ይገባል። ዜሮው ራሱ ይስተካከላል። ላሜራው ላይ የታተመችውን የመጀመሪያዋን ሳንቲም ጠጋ ብላችሁ ብታዩአት ከሌሎቹ በትንሹ አጠር ያለች ናት፤ የጎደለውን የሚሞላው መንጠቆው ነው።

በግማሽ ልብ መያዝ የማያዋጣውም ለዚህ ነው። ስትስቡ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ስትገፉ እስከ መጨረሻው ግፉ። ቀዳዳው ውስጥ ሰጋቱራ ወይም የደረቀ ኮላ ከገባ መንጠቆው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል፣ እናንተ ደግሞ አታዩትም። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል።

የኔ ሜትር መንጠቆ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?

ጫፉ በማሽን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ግማሽ ሜትር የሚሆን እንጨት አምጡ። መጀመሪያ መንጠቆውን አንጠልጥላችሁ ለኩት። እንበልና 500 ሚሊ አለ። ቀጥሎ መንጠቆውን ተዉትና የላሜራውን 10 ሳንቲም መስመር ከእንጨቱ ጫፍ ጋር አጋጥማችሁ ለኩ። አሁን 600 ማለት አለበት። 601 ወይም 599 ካለ መንጠቆው ተጣሟል፣ ወይም ቀዳዳው ሰፍቷል። በመጨረሻ የእንጨቱን ጫፍ ግድግዳ ላይ ግጥም አድርጉት፣ መንጠቆውንም ከጎኑ ግድግዳው ላይ ገፍታችሁ ለኩ። እንደገና 500 መምጣት አለበት። ሦስቱ ካልተስማሙ ያ ሜትር ለኮርኒስ ሞራሌ ይሆን ይሆናል፤ ለመሳቢያ ግን አይሆንም። ሌላ ሜትር እስክትገዙ ድረስ ከመንጠቆው አትጀምሩ።

ከ10 መጀመር ራሱን የቻለ ዘዴ ነው፣ ጠንቃቃ አናጢዎች ቀጭን ሥራ ሲሆን ይጠቀሙበታል። መንጠቆውን ጨርሶ ከጨዋታ ያስወጣዋል። አደጋው አንድ ነው፦ መጨረሻ ላይ 10ሩን መቀነስ መርሳት። አንዳንዱ ከ1 ሳንቲም ይጀምራል፤ እኔ አልመክርም። 1 ሳንቲም የተሳሳተ እንጨት በዓይን አይታወቅም፣ ተቆርጦ ቦታው ላይ ሲገባ ነው የሚያሳጣችሁ። 10 ሳንቲም የተሳሳተ ግን ከመጋዙ በፊት ራሱ «ኧረ ቆይ» ያሰኛል።

መንጠቆ ቶሎ እንዲበላሽ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ? ያ ሁላችንም የምንወደው ነገር ነው፣ ላሜራውን ለቆ «ጧ!» ብሎ እንዲገባ ማድረግ። በእያንዳንዱ ጧታ መንጠቆው ከቀፎው አፍ ጋር ይጋጫል፣ ሪቬቱ ይላላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ሲገባ በጣት ያዝ ማድረግ ነው። ለልጆች ማጫወቻ ከሆነማ ነገሩ አብቅቷል።

መስመሮቹን እንዴት ነው የማነበው?

በሳንቲም በኩል ሥርዓቱ ቀላል ነው። ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ 10 ሚሊ አለ። አምስተኛዋ መስመር ከሌሎቹ ረዘም ትላለች፣ ግማሹን እንድታገኙ። የምታነቡት መጀመሪያ ያለፋችሁትን ቁጥር ነው፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን መስመሮች ትቆጥራላችሁ። 43ን አልፎ ሰባተኛዋ መስመር ላይ ከሆነ 437 ሚሊ ነው።

ስህተት የሚገባው በሦስት ቀዳዳ ነው። የመጀመሪያው ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ምልክቱ ለ44 ስለሚቀርብ ዓይን 44ን ያነሳል፣ ከ44 ወደ ኋላ ሦስት መስመር ይቆጥራል፣ አፍ ደግሞ «44 ከ3» ይላል። 437 የነበረው 443 ሆነ። ስድስት ሚሊ ጠፋ።

ሁለተኛው የአሥር ሳንቲም ስህተት ነው። ብዙ ሜትሮች ላይ በየመሃሉ የሚጻፈው የመጨረሻው አሃዝ ብቻ ነው። 137 ላይ ስትደርሱ ላሜራው ላይ የሚታየው «7» ነው፤ 130 የሚለው ትልቁ ቁጥር ኋላ ቀርቷል፣ አንዳንዴ በእጃችሁ ተሸፍኗል። ዓይን ቶሎ የሚያገኘው ደግሞ ከፊት ያለውን 140ን ነውና «147» ተብሎ ይጻፋል። መድኃኒቱ ትልቁን ቁጥር ሁልጊዜ ወደ መንጠቆው በኩል ዞሮ መፈለግ ነው፣ ወደ ቀፎው በኩል አይደለም።

ሦስተኛው ያስቃል፣ ግን ይደርሳል። ሜትሩ ተገልብጦ ሲነበብ 68 ቁጥር 89 ይመስላል፣ 61 ደግሞ 19። ጠባብ ቦታ ውስጥ ተንበርክካችሁ ወይም ሜትሩን በግራ እጅ ይዛችሁ ስትለኩ ላሜራው ይገለበጣል። ጎረቤት ቁጥሮቹን ማየት ነው፤ 68 ከሆነ ወደ መንጠቆው በኩል 67 መኖር አለበት።

ኢንቹስ? እኛን ምን አገባን?

አሜሪካ ሄዶ አናጢነት የያዘ ወገን ያገባዋል፣ ውሎው ከኢንች ጋር ነው። አገር ቤት ያለውንም ያገባዋል፤ ገበያ ላይ ያለው ኤምዲኤፍ፣ ቺፕውድና ኮምፔርሳቶ በብዛት የሚመጣው በ122 በ244 ሳንቲም ነው፣ ይህ ደግሞ 4 ጫማ በ8 ጫማ ማለት ነው።

ብዙ ሜትር በአንዱ ጠርዝ ኢንች፣ በሌላው ሳንቲም አለበት። መጀመሪያ የምታነቡት ጠርዝ የቱ እንደሆነ እወቁ። ኢንች እንደ ሳንቲም ለአሥር አይከፈልም፣ በግማሽ በግማሽ ነው የሚከፈለው። ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ አሥራ ስድስተኛ። መስመሮቹ ይህን በቁመታቸው ይናገራሉ፦ ከሁሉም ረጅሟ በኢንቹ መሃል ያለችው ግማሽ ናት፣ ቀጥሎ ሁለቱ ሩቦች፣ ቀጥሎ ስምንተኛዎቹ፣ አጫጭሮቹ አሥራ ስድስተኛ ናቸው። ለጀማሪ የሚከብደው እንደ 11/16 ያለው ነው። ከዜሮ መቁጠር አያስፈልግም። ግማሽ 8/16 ስለሆነ ከግማሿ ተነስቶ ሦስት ትንንሽ መስመር መጨመር ነው። 15/16 ደግሞ ከሙሉው ኢንች አንዲት መስመር መመለስ ነው።

የአሜሪካ ሜትር ላይ በየ16 ኢንቹ ቀለም ያለው ምልክት ታያላችሁ። ጌጥ አይደለም። እዚያ የቤት ግድግዳ በብዛት ከእንጨት ስለሚሠራ ቋሚዎቹ የሚተከሉበት ርቀት ነው። እግረ መንገዴን፣ እዚያ «ሁለት በአራት» የሚባለው እንጨት ሲለካ ሁለት በአራት አይደለም፤ ከተላገ በኋላ አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ኢንች ነው። አዲስ የሄደ አናጢ ሜትሩን መጠራጠር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፣ ሜትሩ ግን ጥፋት የለበትም።

ወደ ሳንቲም ስትቀይሩ ደግሞ «ኢንች ሁለት ተኩል ሳንቲም ነው» የሚለውን ተዉት። ኢንች 25.4 ሚሊ ነው፣ ልክ እሱኑ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች በ1959 እ.ኤ.አ. ተስማምተው ያጸኑት ነው። ያቺ 0.4 ሚሊ ትንሽ ትመስላለች። የ96 ኢንች ቦርድ በ2.5 ብታባዙ 240 ሳንቲም ይመጣል፣ በ2.54 ግን 243.84 ነው። አራት ሳንቲም ሊሞላ ምንም አልቀረው። በአንድ ሥራ ላይ ኢንችና ሳንቲም አለማደባለቅ ከሁሉ ይሻላል።

ላሜራው ለምን ጎበጥ አለ? ዓይኔስ እንዴት ይሸውደኛል?

ላሜራው እንደ ቦይ ጎድጎድ ያለው ሲዘረጋ ቶሎ እንዳይታጠፍ ነው። ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ ከግማሽ ሜትር በኋላ ዝርግፍ ይል ነበር። ይህን ሐሳብ በ1922 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያስወጣው ሂራም ፋራንድ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ በስፕሪንግ የሚጠቀለለው ሜትር ግን ከዚያ በፊትም ነበር።

ይህ ጉብጠት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ላሜራውን እንጨት ላይ ስታስቀምጡት መሃሉ እንጨቱን ይነካል፣ መስመሮቹ ያሉባቸው ጠርዞች ግን ከፍ ብለው ይቀራሉ። በመስመሩና በእንጨቱ መሃል ክፍተት አለ። ከጎን ሆናችሁ ካያችሁ ቁጥሩ ይለወጣል። ሚኒባስ ጋቢና የተቀመጠ ሰው የነዳጁን ቀስት ሲያይ ሹፌሩ ከሚያየው ትንሽ ዘንበል ብሎ ይታየዋል አይደል? ቀስቱ አልተንቀሳቀሰም፣ የተለየው የሚያየው ዓይን ያለበት ቦታ ነው። በሜትር ላይም ይኸው ነው። ሁለት ነገር አድርጉ፦ ጭንቅላታችሁን ከምልክቱ ትክክል በላይ አምጡ፣ ላሜራውን ደግሞ በጎኑ ዘንበል አድርጋችሁ ጠርዙ እንጨቱን እንዲነካ አድርጉ። መስመሩ እንጨቱን ከነካ ዓይን የሚሳሳትበት ቦታ አያገኝም።

ቀጥሎ የላሜራው አቅጣጫ አለ። ሁለት ሜትር ርዝመት ስትለኩ አንዱ ጫፍ ከሌላው በ10 ሳንቲም ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ንባቡ በ2.5 ሚሊ ይጨምራል። በ5 ሳንቲም ቢሆን ጭማሪው ወደ 0.6 ሚሊ ይወርዳል። መሃል ላይ ረግቦ ሲወርድም ያው ነው። እዚህ ውስጥ አንድ ጥሩ ዜና አለ። ላሜራ ሲጣመምም ሲረግብም ንባቡን ያበዛል እንጂ አያሳንስም። ስለዚህ በሁለት ግድግዳ መሃል ያለ ስፋት ስትለኩ ጫፉን ትንሽ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሱ፣ ካያችሁት ሁሉ ትንሹ ቁጥር ነው ትክክሉ።

ከጥግ እስከ ጥግ ሲሆን ላሜራው ይታጠፋል፤ ምን ላድርግ?

ብዙ ሰው ላሜራውን ጥጉ ላይ አጥፎ «ይህን ያህል ይሆናል» ብሎ ይገምታል። እጥፋቱ ላይ ሁለትና ሦስት ሚሊ መሳሳት በጣም ቀላል ነው፤ ግንበኛው ይምራችሁ ይሆናል እንጂ ቁምሳጥኑ አይምራችሁም።

አንዱ መውጫ ቀፎው ራሱ ነው። ብዙ ሜትሮች ቀፎ ላይ ወይም ሥሩ የቀፎው ርዝመት በሚሊ ተጽፏል። መንጠቆውን አንዱ ግድግዳ ላይ፣ የቀፎውን ጀርባ ሌላው ግድግዳ ላይ ታስደግፋላችሁ፣ ላሜራው ቀፎው አፍ ላይ የሚያሳየውን ታነባላችሁ፣ የቀፎውን ርዝመት ትደምራላችሁ። 1,148 ካለና ቀፎው 75 ከሆነ 1,223 ነው። የተጻፈ ነገር ከሌለ ቀፎውን ራሱን በማስመሪያ ለክታችሁ በማርከር ጻፉበት።

እኔ የማምነው ግን ሌላውን መንገድ ነው። ግድግዳው መሃል አካባቢ በእርሳስ አንድ ምልክት አድርጉ። ከግራ ግድግዳ እስከ ምልክቱ ለኩ፣ ከቀኝ ግድግዳ እስከዚያው ምልክት ለኩ፣ ደምሩ። ላሜራው የትም አይታጠፍም። ሜትር የማይገባበት ጠባብ ቦታ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አጣምራችሁ ያዙ፣ አንዱ ግራውን ሌላው ቀኙን እስኪነካ ግፏቸው፣ የተደራረቡበት ላይ በእርሳስ አስምሩ። አውጥታችሁ ምልክቱን መልሳችሁ ስታገጣጥሙት ርዝመቱ እጃችሁ ላይ አለ። ቁጥር የሌለበት ልኬት ደግሞ ተሳስቶ አይነበብም። መደርደሪያ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚገባ ከሆነ እንጨቱን ራሱን አስጠግቶ ማስመር ከየትኛውም ሜትር ይበልጣል።

ሁለት ሜትሮች ለምን አይስማሙም?

ሜትር ሁሉ እኩል አይደለም። በአውሮፓ ሕግ ሜትሮች በትክክለኛነታቸው በሦስት ደረጃ ይመደባሉ፣ ላሜራው መጀመሪያ ላይ በሮማውያን ቁጥር ተጽፎ ይታያል። አንደኛ ደረጃ የሆነ ሜትር 5 ሜትር ላይ እስከ 0.6 ሚሊ ቢሳሳት ይፈቀድለታል። ሁለተኛ ደረጃ እስከ 1.3 ሚሊ፣ ሦስተኛ ደረጃ እስከ 2.6 ሚሊ። ሁለት ሜትር ርዝመት ላይ ሁለተኛ ደረጃ የሚፈቀድለት 0.7 ሚሊ ነው። ለቤት ዕቃ ሁለተኛ ደረጃ ይበቃል። ምንም ምልክት የሌለበት ሜትር ግን ምን ያህል እንደሚሳሳት ማንም ቃል አልገባላችሁም።

ልብ በሉ፣ ሁለት ሁለተኛ ደረጃ ሜትሮች አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሊሳሳቱ ይችላሉ። ሁለቱም በሕጉ ውስጥ ናቸው፣ እርስ በርስ ግን አይስማሙም። ስለዚህ አንድ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ሜትር ይሠራ። ለኪውና ቆራጩ የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ ሥራው ሳይጀመር ሁለቱን ሜትሮች ጎን ለጎን ዘርግቶ ሁለት ሜትር ርዝመት ላይ ማስተያየት ነው። ግማሽ ደቂቃ አይወስድም። መርካቶ ሜትር ስትገዙም ይኸው ያገለግላል፦ ከአንድ ሁለት ሦስት አውጥታችሁ አስተያዩ፣ ባለሱቁ ቢያጉረመርምም።

በትክክል ለክቼ ለምን አነሰብኝ?

መጋዝ ስለሚበላ። ዲስኩ ውፍረት አለው፣ በተለምዶ ሦስት ሚሊ አካባቢ፣ ያ ውፍረት ሰጋቱራ ሆኖ ይቀራል። ከ244 ሳንቲም ቦርድ 61 ሳንቲም የሆኑ አራት ቁራጮች ይወጣሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ስሌቱ ልክ ነው፤ 61 አራት ጊዜ 244 ነው። ነገር ግን አራት ለማውጣት ሦስት ጊዜ መቁረጥ አለ። ሦስት ጊዜ ሦስት ሚሊ ዘጠኝ ሚሊ ነው። የመጨረሻው ቁራጭ 60 ሳንቲም ከ1 ሚሊ ሆኖ ይወጣል። እኩል እንዲሆኑ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ ከ607 ሚሊ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚደርሰው። ጠርዙ ላይ የሚለጠፈው የፒቪሲ ልባጥም ውፍረት አለው። 2 ሚሊ የሆነው በሁለት ጎን ሲለጠፍ 4 ሚሊ ይጨምራል፣ አስቀድሞ ካልተቀነሰ በሩ አይዘጋም።

ምልክቱም ራሱ ውፍረት አለው። በዶለዶመ እርሳስ የተሰመረ መስመር አንድ ሚሊ ሊሞላ ይችላል፤ ከመስመሩ ግራ ነው ቀኝ የሚቆረጠው? አናጢዎች በአንድ ሰረዝ ፈንታ ጫፏ ልኩን የምትነካ ቀስት መሰል ምልክት የሚያደርጉት ለዚህ ነው፤ የቀስቷ ጫፍ አንድ ቦታ ብቻ ናት። ከዚያ በስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን ባለው ማስመሪያ) ያሰምራሉ፣ በሚጣለው ወገን ላይ ደግሞ ኤክስ ያደርጋሉ። መጋዙ ኤክሱ ወዳለበት ወገን ይሄዳል፣ መስመሩ ከሚፈለገው እንጨት ጋር ይቀራል።

ሌላው ሌባ መቀጣጠል ነው። አምስት መደርደሪያ የሚይዝ ቁምሳጥን ላይ የመጀመሪያውን ከታች ለካችሁ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው፣ እንዲህ ብትቀጥሉ በየአንዳንዱ አንድ ሚሊ ቢያመልጣችሁ ላይኛው ላይ አምስት ሚሊ ተጠራቅሟል። ግራው ጎን ወደ ላይ፣ ቀኙ ጎን ወደ ታች ከሄደ መደርደሪያው ተንጋዶ ይቀመጣል። ሜትሩን አንዴ ከታች አስደግፋችሁ ሳታነሱት አምስቱንም ከዚያው ከአንድ ዜሮ አስምሩ። 300፣ 600፣ 900 እያላችሁ። የተሻለው ደግሞ ሁለቱን የጎን ጣውላዎች ጎን ለጎን አጋድሞ በአንድ ጊዜ ማስመር ነው።

ቁጥሩን ለአናጢው እንዴት ልላከው?

በሚሊ፣ ሙሉውን። «አንድ ሜትር ከአምስት» ብሎ በድምፅ መልእክት መላክ ጠብ መጋበዝ ነው። 105 ሳንቲም ነው? ወይስ 150? 1050 ብሎ የጻፈ ሰው ማንንም አያደናግርም። ነጥብም ክፍልፋይም የለበትም።

ግድግዳችሁ ቀጥ ያለ ነው ብላችሁ አትመኑ። ልስን አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል። ስፋት ሲሆን ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ለኩ፣ ሦስቱንም ጻፉ። ካቢኔቱ የሚሠራው በትንሹ ነው። 1,223፣ 1,219 እና 1,226 ካገኛችሁ ገዢው 1,219 ነው። ወለሉ ላይ ዞኮሎ (ግድግዳው ግርጌ ላይ የሚለጠፈው ጠርዝ) ካለ ከዞኮሎው እስከ ዞኮሎው ያለውንም ለብቻ ጻፉ፣ እሱን የሚረሳው ሰው ብዛቱ! ቦታው አራት ማዕዘኑን ጠብቆ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱን ሰያፍ ለኩ፤ እኩል ከሆኑ ደህና ነው። ቦታው ሰፊ ሆኖ አንዱን ጥግ ብቻ ማየት ከፈለጋችሁ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲም ላይ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መሃል ልክ 100 ከመጣ ጥጉ ቀጥ ያለ ነው።

ከቁጥሩ ጎን የምን ቁጥር እንደሆነ ጻፉ። የክፍተቱ ነው ወይስ የዕቃው? እናንተ ዕቃው በቀላሉ እንዲገባ ብላችሁ 5 ሚሊ ቀንሳችሁ፣ አናጢውም ደግሞ በራሱ 5 ሚሊ ቢቀንስ ከጎኑ አንድ ሳንቲም ክፍት ይቀራል። ሁለታችሁም «እሱ ቀንሶታል» ብላችሁ ብትተዉት ደግሞ አይገባም። የሚሻለው የግድግዳውን ክፍተት እንዳለ መላክና ቅነሳውን ለሚቆርጠው ሰው መተው ነው፣ ይህንንም በጽሑፍ መናገር። ስፋት፣ ቁመትና ጥልቀትን ደግሞ በስማቸው ጥሯቸው፣ በደረቁ 600 በ720 በ560 ብሎ መላክ የትኛው የቱ እንደሆነ አይናገርም። በእጅ የተሠራች ሸካራ ሥዕል ላይ ቢጻፉ ይበቃል።

ፎቶም ላኩ። ሜትሩ ቦታው ላይ እንደተዘረጋ፣ ስልኩን ከምልክቱ ትክክል በላይ አድርጋችሁ፣ ከምልክቱ ወደ መንጠቆው በኩል ያለው ትልቁ ቁጥርም አብሮ እንዲታይ።